የአያትህ ፕሪመስ ይድናል፤ ካላማዳሪ ግን እንዳትከትበት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንዳየሁ ነው መጻፍ የጀመርኩት። ከአያትህ የቀረ የነሐስ ፕሪመስ፣ ያ በላምባ የሚሠራው ምድጃ፣ አለህ። ፓምፕ ስታደርገው አየር አይዝም። አድሰኸው ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው ዘጌ ልትወስደው አስበሃል። ጓደኛህ ደግሞ "ውስጥ ያለችውን ጎማ በካላማዳሪ ቀይራት፣ ይበቃል" ብሎሃል። አይበቃም። እኔ በዚችው ጎማ ምክንያት እጄንም የእናቴን ጋቢም አቃጥያለሁ።

የእኔም የአያቴ ነው። እግሮቹና ራሱ ተፈታትተው ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የሚገቡ፣ ለመንገድ የሚሆነው ዓይነት። ያንተም እንደዚያው ይሆናል ብዬ ነው የምነግርህ። ይህን ምድጃ ስዊድናዊው ፍራንስ ሊንድክቪስት በፈረንጆች 1892 ነው የፈጠረው፤ ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ብዙም አልተቀየረም። ላምባው በአየር ግፊት ወደ ላይ ይወጣል፣ በጋለው ቱቦ ውስጥ ተን ይሆናል፣ በቀጭኗ ቀዳዳ ወጥቶ ይነዳል። በቃ ይኸው ነው። "አርጅቷል፣ ለቆራሌው ስጠው" የሚልህን አትስማ።

1. መጀመሪያ በሽታውን ለይ። የፓምፑን ዘንግ ስትጫነው ምንም ሳይከብድህ ሰተት ብሎ ከገባ፣ ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ ደርቋል። ተጭነህ ስትለቀው በራሱ ወደ ላይ ከተመለሰ ግን ችግሩ ፓምፑ ግርጌ ያለው ቫልቭ ነው። አየር አስገብቶ መመለሻውን የሚዘጋው እሱ ነው። ቆዳው ቀላል ነው። ጫማ ሰፊ ጋ ሄደህ ወፈር ካለ ቆዳ ክብ አስቆርጥ። ውሃ ውስጥ አለስልሰህ የሲኒ ቅርጽ አስይዘው። ሲደርቅ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አጠጣው። የኑግ ዘይት እንዳትቀባው። እኔ ቀብቼው በወሩ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ጠበቀኝ።

2. ቫልቩን በካቻቪቴ አትታገለው። ከጠባቡ ቱቦ ሥር፣ ጨለማ ውስጥ ነው ያለው። ራሱን ከበላኸው ሌላ መያዣ የለውም። ጫፉ እንደ ሹካ ሁለት ጥርስ ያለው ረጅም መፍቻ ያስፈልግሃል። ገበያ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት፤ ቶርኖ ቤት አሠራሁት። የሠሩልኝ አዛውንት ምድጃውን ሲያዩ ሥራቸውን አቁመው አገላበጡት። ልከፍላቸው ስል "ገንዘቡን ተወው፣ ሲነድ አምጥተህ አሳየኝ" አሉኝ። ወስጄ አሳየኋቸው። እስካሁን የምኮራበት ቀን ነው።

3. ላምባ ቀድመህ ፈልግ። እኔ ለሙከራ 1 ሊትር ብቻ ነበር የፈለግኩት። ማደያው "በጀሪካን አንቀዳም፣ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ" አለኝ። ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ወደሚገባው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አንዱ ሠራተኛ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ "ለምንድን ነው? ምን ልታደርግበት ነው?" ይለኛል። ስመልስለት አይሰማም። በማግስቱ እንደገና ያንኑ ይጠይቀኛል። በሦስተኛው ቀን ተናደድኩና ፕሪመሱን ራሱን ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት አይተውት "ውይ! እኛ ልጆቻችንን ያሳደግንበት አይደል እንዴ! ምን ታንገላታዋለህ ልጁን?" ብለው ተቆጡት። ደብዳቤው በ10 ደቂቃ ተጻፈ። ስለዚህ አንተም ዕቃውን ይዘህ ሂድ። ደግሞ ላምባ አጣሁ ብለህ ቤንዚን እንዳትሞላበት። ያ ምድጃ ለቤንዚን አልተሠራም፤ ይፈነዳብሃል።

አሁን ወደ ጎማዋ ልምጣ። ቫልቩን ስትፈታው ውስጡ ትንሽ ስፕሪንግና ከምስር ብዙም የማትበልጥ ክብ ጎማ ታገኛለህ። በጥንቶቹ ላይ ቡሽ ነው። የእኔ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። እኔም እንደ ጓደኛህ አሰብኩ። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጬ ከተትኩ። ቤት ሞከርኩት፣ አየር ያዘ። ደስ አለኝ። በሳምንቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በጀልባ ተነሥተን ዘጌ ሄድን።

ደግነቱ የቡናው ደን ውስጥ አልገባሁም፤ ዳር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ነው የጣድኩት። ጥሩ ነደደ። ጀበናው ሊፈላ ሲል የፓምፑ ዘንግ በራሱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲነሣ አየሁ። ያን ጊዜ ነበር ማጥፋት የነበረብኝ። እኔ ግን በእጄ መልሼ ተጫንኩት። በዘንጉ ዙሪያ ላምባ አረጠበ፣ ከዚያ ተንጠባጠበ፣ ከዚያ እሳቱ ወረደበት። እጄ ላይ ነው የመጣው። ጋሼ ጀልባ ነጂው ጮኸው የለበስኩትን ጋቢ ከትከሻዬ ገፈፉ፣ ሐይቁ ውስጥ ነከሩ፣ እላዩ ላይ ጣሉት። ጠፋ። እናቴ በእጇ የፈተለችው ጋቢ ነበር። መሀሉ ተቃጠለ። የእጄ ጠባሳ አሁንም አለ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ያ ነገር ጀልባዋ ላይ ወይም ደኑ ውስጥ ሆኖ ቢሆን የሚለው ነው። ዘጌ ያ ሁሉ ዛፍ ስንት ዘመን ተጠብቆ የኖረው በገዳማቱ ነው።

ቤት ገብቼ ቫልቩን ስፈታው ጎማዋ አብጣ፣ እንደ ተቀቀለ ባቄላ ለስልሳ አገኘኋት። ላምባ ጠጥታ ነው። ካላማዳሪ አየር ለመያዝ እንጂ ነዳጅ ለመቋቋም አይደለም የሚሠራው። ስታብጥ አትዘጋም፤ ሳትዘጋ ስትቀር በግፊት ያለው ላምባ በፓምፑ ተመልሶ ይወጣል፣ እሳቱ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው።

መፍትሔው ከተማችን ውስጥ በየመንገዱ አለ። የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ግባና "ለነዳጅ የሚሆን ጎማ" በል። ግን ባለሱቁ ስላለህ ብቻ አትመን። ከጎማው ሁለት እኩል ቁራጭ ቁረጥ። አንዱን ላምባ ውስጥ ሁለት ቀን አሳድር፣ ሌላውን ደረቁን ተወው። ከዚያ ጎን ለጎን አስተያያቸው። የተነከረው ካበጠ ወይም ከለሰለሰ ጣለው። እኔ ሦስተኛው ላይ ነው ትክክለኛውን ያገኘሁት። እስካሁን አልከዳኝም። ከታደሰም በኋላ ዘንጉ ሲነሣ ካየህ አትጫነው፤ የላምባ መያዣው ላይ ያለውን የአየር ብሎን ላላ አድርገህ ግፊቱን አስወጣና አጥፋው።

የቀሩት ትንንሽ ናቸው። ነሐሱን በሎሚና በጨው እሸው፣ ግን አታሳድርበት፤ እኔ አሳድሬ ከወርቃማ ወደ ቀይ ተለወጠብኝ። ስታቀጣጥል ቱቦውን ለማጋል መጀመሪያ የምታነደው ስፒሪት (አልኮል) ሊያልቅ እስኪል ታገስ፤ ቱቦው ሳይግል ፓምፕ ካደረግከው ቢጫ ነበልባልና ጥቀርሻ ነው የሚሰጥህ። ጣና ዳር ከሰዓት ነፋስ ስላለ የቆርቆሮ መከለያ ያዝ። ባቄላው አልበስል ቢልህ ደግሞ ምድጃውን አትውቀስ፤ እኛ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው።

የእኔ አሁን ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። መፍቻው እኔ ጋ ነው፣ አውስሃለሁ። ግን ስትመጣ ያቺን ጎማ ሁለት ቀን ላምባ ውስጥ አሳድረህ፣ ከደረቋ ጋር ይዘሃት ና። አብረን አይተን እንከታታለን።