«አንድ ሳንቲም አላተረፍኩበትም» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄ (አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነትህን የሚያሳብቅ ነገርም አውጥቻለሁ)፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሙያዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። የ1977ቱን ስታር ዋርስ ያኔ ሲኒማ ቤት እንደታየው አድርጌ መልሼ እየሠራሁት ነው። በ1997 ፊልሙ ዳግም ሲወጣ የተጨመሩትን ሁሉ አውጥቻለሁ። ጥራቱን ከብሉ ሬይ፣ የጎደለውን ከ2006ቱ ዲቪዲና ከሌዘር ዲስክ፣ አንዳንዱን ትዕይንት ደግሞ ከ35 ሚሊ ሜትር የሲኒማ ቤት ቅጂ ስካን ነው የወሰድኩት። ዲስኮቹን በገንዘቤ ገዝቻለሁ። አንድ ሳንቲም አላተረፍኩበትም። የምሰጠው ኦሪጅናሉን ለገዙ ልጆች ብቻ ነው። እነሱም ወጪ ይጋሩኛል። እስካሁን ማንም የከሰሰ የለም። ችግር አለው? አንድ ወዳጄ ደግሞ ምግብ ቤቱ ውስጥ እናሳየው እያለኝ ነው። የዜግነት ቃለ መጠይቄ ስለደረሰ ከዚያ በፊት ልጨርሰው ብዬ ነውና ቶሎ መልስልኝ።

መልስ፦ ጋሼ ስላልከኝ እኔም አንተ ብዬ ልቀጥል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደብዳቤህ ረጅም ነበር። በኢስትማን ፊልም የታተመው ቅጂ በዕድሜ ወደ ሮዝ ሲሄድ በቴክኒከለር የቀለም አሠራር የታተመው ለምን ቀለሙን እንደያዘ አስረድተኸኛል። ሃን ሶሎ ቡና ቤቱ ውስጥ ቀድሞ መተኮሱን፣ ጃባ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ያለበት ትዕይንት በ1997 መግባቱን፣ «ኤፒሶድ 4» የሚለው ጽሑፍ ራሱ በ1981 መጨመሩን አንድ በአንድ ጽፈሃል። ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ስለ ገንዘቡ ግን የነገርከኝ ሦስት ቃል ነው፦ «እነሱም ወጪ ይጋሩኛል»። የዜግነቱንም ነገር እግረ መንገድህን፣ ለመቸኮልህ ምክንያት አድርገህ ነው ያነሳኸው። እኔን ያሳሰበኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው እንጂ ጃባ አይደለም።

ተራውን ሕግ ቶሎ እንለፈው። ፊልሙ በድርጅት የተሠራ ስለሆነ ጥበቃው ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ 95 ዓመት ነው፤ እስከ 2072 መጨረሻ ማለት ነው። መቅዳት፣ ለውጦ መሥራት፣ ማከፋፈልና ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቱ ነው። አንተ የገዛኸው ዲስኩን ነው፤ ፊልሙን አይደለም። ዲቪዲና ብሉ ሬይ ላይ ያለውን ዲጂታል ቁልፍ መስበር ደግሞ ዲኤምሲኤ በሚባለው የ1998ቱ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ቤትህ በር ዘግተህ ብትሰብረውም ያው ነው። በየሦስት ዓመቱ የሚወጡት ልዩ ፈቃዶች ለትችት ወይም ለትምህርት የሚሆን አጭር ቁራጭ ይፈቅዱ ይሆናል። ሙሉ ፊልም ግን አይፈቅዱም። ሌዘር ዲስኩ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም፤ ከሱ የቀዳኸውም ግን ያው ቅጂ ነው።

ፌር ዩዝ (አንዳንድ አጠቃቀምን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የሚፈቅደው ሕግ) ነው ልትለኝ ነው። ሙሉ ፊልም ወስደህ፣ ያውም ልክ እንደነበረ ለማድረግ ለፍተህ፣ እሱን ክርክር ማሸነፍ ከባድ ነው። ጠንከር ያለው ነጥብህ «ይህ እትም ገበያ ላይ የለም» የሚለው ነበር። እሱም እየሟሸሸ ነው። በ2025 ለንደን ላይ ብሪቲሽ ፊልም ኢንስቲትዩት የ1977ቱን ቅጂ ለሕዝብ አሳይቷል። የፊልሙ ባለመብት ሉካስፊልምም ለ50ኛ ዓመቱ በ2027 የመጀመሪያውን እትም አድሶ ወደ ሲኒማ እንደሚመልሰው አስታውቋል። የፊልሙ ዳይሬክተር ጆርጅ ሉካስ ራሱ በ1988 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ የድሮ ፊልሞች እንዳይነካኩ ተከራክሯል፣ ፊልሙም በ1989 ናሽናል ፊልም ሬጂስትሪ የሚባለው የአሜሪካ ቅርስ ፊልሞች መዝገብ ሲጀመር ከገቡት 25 ፊልሞች አንዱ ነው ያልከኝም እውነት ነው። ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል። መከላከያ ግን አይወጣውም። እዚያ መዝገብ ውስጥ መግባት ለማንም የመቅዳት መብት አይሰጥም።

«ኦሪጅናሉን ለገዙ ብቻ ነው የምሰጠው» የሚለውም ተሞክሮ የወደቀ ነው። ክሊን ፍሊክስ የሚባል ድርጅት ፊልም ቆራርጦ ሲያከፋፍል ለእያንዳንዱ ቅጂ አንድ ኦሪጅናል ይገዛ ነበር። በ2006 የኮሎራዶ ፌደራል ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። ቪድኤንጅልም ዲስክ እየገዛ፣ ቁልፉን እየሰበረ፣ ስድብና ራቁትነቱን እየዘለለ ያሳይ ነበር። ከከሳሾቹ አንዱ ያው ያንተው ሉካስፊልም ነው። በ2019 ጁሪው 62.4 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት። በኋላ ተደራድረው ቢቀነስለትም ድርጅቱ ያየውን መከራ አይቷል። እነዚህ ነጋዴዎች ናቸው፣ አንተ አይደለህም፤ ልዩነቱ ይገባኛል። ዲስኩን መግዛት ቅጂውን ሕጋዊ አያደርገውም የሚለው ነጥብ ግን ለሁለታችሁም አንድ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ቃላት።

ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከበር ጀምሮ የሚለኝ ነገር ቢኖር «አልሸጥኩም» ነው። የሰርግ ቪዲዮ ላይ የሰው ዘፈን ያስገባውም፣ የቴሌቪዥን መስመር ለዘመድ ያካፈለውም፣ ፊልም የቀዳውም። ትርፍ ከሌለ ወንጀል የለም ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ አንድ ሰሞን እውነት ነበር። በ1994 ቦስተን ውስጥ አንድ የኤም አይ ቲ ተማሪ ሶፍትዌር በነጻ የሚወሰድበት የኢንተርኔት ሰሌዳ ከፍቶ ተከሰሰ። ምንም ስላላተረፈበት ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት። ኮንግረስ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በ1997 ሕግ አወጣ። ሁለት ነገር ቀየረ፣ ሁለቱም አንተን ይነኩሃል።

አንደኛው፣ ምንም ባታገኝም እንኳ በ180 ቀን ውስጥ የቀዳኸው ወይም ያከፋፈልከው ቅጂ የችርቻሮ ዋጋው ተደምሮ ከ1,000 ዶላር ካለፈ፣ ሆን ብለህ ከሆነ፣ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ቅጂው ከ10 ሲደርስና ዋጋው ከ2,500 ዶላር ሲያልፍ ደግሞ ከበድ ወዳለው ምድብ ይገባል።

ሁለተኛው ነው ሰው የማያየው። ሕጉ «የገንዘብ ጥቅም» ሲል ትርፍ ማለቱ አይደለም። ዋጋ ያለው ማንኛውንም ነገር መቀበል፣ ወይም እቀበላለሁ ብሎ መጠበቅ ማለቱ ነው። ሌላ የቅጂ መብት ያለው ሥራ በልዋጭ መቀበልም በግልጽ ተጽፏል። አንድ ልጅ «ያንን ላክልኝና ይህን እልክልሃለሁ» ካለህና ከተለዋወጣችሁ፣ ከማንም ኪስ አንድ ብር ሳይወጣ ሕጉ ውስጥ ገብታችኋል። እዚህ መስመር ውስጥ ከገባህ በኋላ ደግሞ ያ የ1,000 ዶላር ወለል አይጠበቅልህም።

እስቲ መዋጮውን እንየው። ሃርድ ዲስኩ 100 ዶላር ነው እንበል፣ አሥር ልጆች አሥር አሥር ዶላር በዜል (በባንክ መተግበሪያ የገንዘብ መላኪያ) ላኩልህ። «ኪሴ አልገባም፣ ለዕቃው ነው የዋለው» ትላለህ። ዕቃው የት ነው ያለው? ጠረጴዛህ ላይ። ፊልሙ ሲያልቅ የማን ነው? ያንተ። የዜሉ መልእክት ቦታ ላይ ደግሞ ምን ተጻፈ? ልጆች ናቸውና «ለስታር ዋርሱ፣ እናመሰግናለን» ብለው ከልብ ምልክት ጋር ልከውልህ ይሆናል። ያ መስመር ባንክህ ዘንድ ቀን፣ ሰዓትና ስም ይዞ ተቀምጧል። ገንዘቡ የገባበትና አንተ ሊንኩን የላክህበት ቀን ከገጠመ፣ ዐቃቤ ሕጉ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ቢያልቅ እንኳ እንዲህ ያለ ወረቀት ካሳውን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ካሳው ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ነው፤ ሆን ተብሎ የተጣሰ ከሆነ እስከ 150,000 ይደርሳል። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ለጥፌዋለሁ ያልከኝ «የቅጂ መብት ለመጣስ ታስቦ የተሠራ አይደለም» የሚለው ጽሑፍም ያድነኛል ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። አስበህበት እንደነበር ነው የሚያሳየው።

35 ሚሊ ሜትሩን ስካን ከማን አገኘኸው? ይህንንም ዘለኸዋል። የሲኒማ ቅጂዎች ባብዛኛው ለሲኒማ ቤት ይከራዩ ነበር እንጂ አይሸጡም ነበር፤ ስለዚህ «ገዝቶት ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አያረካኝም። ከዚያም በላይ፣ ሰውየው ስካኑን የሰጠህ እንዲያው ለጽድቅ ነው ወይስ አንተም የሆነ ነገር ሰጥተኸዋል? መልሱን እኔ ዘንድ አትጻፈው። ስንት ብር እንደሰበሰብክም እንዳትጽፍልኝ። እኔ ጠበቃህ አይደለሁም፣ ለዚህ ዓምድ የሚላክ ደብዳቤ ደግሞ በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለው የምስጢር ጥበቃ ላይኖረው ይችላል። የምትነግረው ውል ለገባህለት ጠበቃ ነው።

ላስፈራራህ አይደለም። ሆን ብሎ መጣስ መረጋገጥ አለበት፣ መንግሥትም ያለውን ጊዜ ሁሉ የፊልም ወዳጅ ሲያሳድድ አይውልም። ቃለ መጠይቁ ያልከው ነገር ግን ሒሳቡን ይለውጠዋል። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ የታሰርክበትን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። ያልተያዝክበትን ጥፋትም ይጠይቃል፤ መልሱም በመሐላ ነው። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ደግሞ በ2016 ለገንዘብ ጥቅም የተፈጸመ የቅጂ መብት ወንጀል የሞራል ብልሹነትን የሚያሳይ ወንጀል ነው ብሎ ወስኗል። ያ ሰው የተፈረደበት ነበር፤ አንተ ክስም የለብህ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቢሆንም ጥያቄው ፊት ለፊት ሲቀርብልህ ምን እንደምትመልስ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆነህ የምታስበው ነገር አይደለም። ውሸት አትናገር፣ የማታውቀውን ጥፋትም በራስህ ላይ አትመስክር። ሁለቱንም የምታመልጠው ከቀጠሮው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ቁጭ ብለህ ነው። የቅጂ መብት ጠበቃ ብቻውን አይበቃህም፣ የኢሚግሬሽኑም ብቻውን እንደዚያው። ሁለቱ እንዲነጋገሩ አድርግ። ቀጠሮው ደርሷል ካልክ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበል።

«እስካሁን ማንም የከሰሰ የለም» ላልከው፣ ዝም አይነቅዝም። የባለመብቱ ዝምታ ፈቃድ አይደለም። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፔትሬላ የተባለች ባለመብት ኤምጂኤም የተባለውን የፊልም ድርጅት በከሰሰችበት ጉዳይ፣ 18 ዓመት ቆይታ ብትከስም ባለፉት ሦስት ዓመታት ለተፈጸመው ጥሰት መጠየቅ ትችላለች ብሏል። አንተ ደግሞ አዲስ ሊንክ በላክህ ቁጥር ሦስቱ ዓመት ለዚያኛው ቅጂ እንደገና ይጀምራል።

እስከዚያው ማከፋፈሉን አቁም። መዋጮውንም ዝጋ፣ «የመጨረሻ ዙር» የሚባል ነገር የለም። ግን ምንም እንዳታጠፋ! ደንግጦ ቴሌግራሙን የሚያጸዳ፣ ሃርድ ዲስኩን ፎርማት የሚያደርግ አለ፤ ጉዳዩ ወደ ክስ የሚሄድ ከሆነ ማስረጃ ማጥፋት ከፊልሙ የባሰ ጣጣ ነው። የዲስኮቹን ደረሰኝ፣ የዜሉን ዝርዝር፣ ለማን መቼ ምን እንደላክህ የሚያሳየውን ውይይት፣ ስካኑ የመጣበትን ኢሜይል ሰብስብና ወደ ጠበቃው ይዘህ ሂድ። የደረሰህ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ካለ እሱን ከላይ አድርገው። ግሩፑ ውስጥ ገብተህ ማብራሪያ መጻፍ፣ ይቅርታ መጠየቅም ሆነ መፎከር ይቅርብህ። አቅም ከሌለህ ለጥበብ ሰዎች በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያማክሩ የጠበቆች ማኅበራት በየከተማው አሉ፣ የግዛትህን የጠበቆች ማኅበር ጠይቅ።

የለፋህበት ሁሉ ገደል ገባ ማለቴ አይደለም። የትኛው ትዕይንት ከየትኛው ምንጭ፣ በየትኛው ሰከንድ፣ ቀለሙ በምን ያህል ተስተካክሎ የሚለው ማስታወሻህ የፊልሙ ምስልና ድምፅ ከሌለበት ከፊልሙ ፋይል የተሻለ ቦታ ላይ ነው ያለው። የ1977ቱንና የ1997ቱን ጎን ለጎን አድርገህ የምትተችበት አጭር ቪዲዮም እንደዚሁ። ሁለቱንም ከመልቀቅህ በፊት ለጠበቃው አሳየው። የተጠገነውን ፊልም ራሱን ግን ሌላ ሰው ዲስክ ላይ አድርጎ ቢሸጠው «ሥራዬን ወሰደብኝ» ብለህ ልትከሰው አትችልም፤ ያለ ፈቃድ በሌላ ሰው ሥራ ላይ ለተሠራ ነገር ሕጉ ጥበቃ አይሰጥም።

የምግብ ቤቱ መልስ አይሆንም ነው። ለሕዝብ ማሳየት ነው፣ ያለ ፈቃድ ነው። «መግቢያው ነጻ ነው፣ ሰው ጥብስ አዝዞ ነው የሚያየው» ቢልህም አትስማው። ጥብሱ የተሸጠው በፊልሙ ነውና ከላይ ያልኩህን ጣጣ ለሁለት ያደርገዋል፤ እሱም ፈቃዱንና ቤቱን ይዞ ይገባበታል። ፖስተር ከሰቀለ ዛሬ ደውልለትና ያውርደው።