ስለ ቤዝ ጊታር ለጠየቃችሁኝ

ከድሬም ከሐረርም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኞቻችሁ በሠርግ ባንድ መጫወት የጀመራችሁ ናችሁ። ከ300 እስከ 600 ዶላር በሚያወጣ ቤዝ ላይ ልነጋገር። በዚህ ዋጋ መድረክ ላይ የማያሳፍር መሣሪያ ይገኛል፤ ገንዘቡ ቀለሙ ላይ ሳይሆን አንገቱ ላይ ከዋለ።

ጥያቄ፦ ፕሪሲዥን ይሻለኛል ጃዝ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ ሁለቱም የፌንደር ኩባንያ የቤዝ ሞዴሎች ናቸው። ፕሪሲዥን እ.ኤ.አ. በ1951፣ ጃዝ በ1960 ወጡ። ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩትም አብዛኛው የእነዚህ ዝርያ ነው። ፕሪሲዥን ለሁለት የተከፈለ አንድ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) አለው፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ የኤሌክትሪክ እዝዝታ አያስቸግረውም። ጃዝ ሁለት ፒካፕ አለው፣ አንገቱም ወደ ጭንቅላቱ ይጠብባል። አንዱን ፒካፕ ብቻ ከፍታችሁ ከተጫወታችሁ ግን እዝ ይላል፤ መብራቱ በደንብ ባልተዘረጋበት አዳራሽ ደግሞ ይብሳል። እኔ ለሠርግ ጃዝ እመርጣለሁ። ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ታችኛውን ድምፅ ሲሞላው፣ የኋላው ፒካፕ ኖታውን ጥርት አድርጎ ያወጣዋል። ከዚያ በፊት ግን ኪቦርዲስቱን «ግራ እጅህን ሰብሰብ አድርግልኝ» በሉት። ከፒካፕ ለውጥ በላይ ይጠቅማችኋል።

ጥያቄ፦ የትኛውን ብራንድ ልግዛ?

መልስ፦ ስኳየር ክላሲክ ቫይብ፣ ያማሃ ቲአርቢኤክስ 304፣ የአይባኔዝ ኤስአር ቤተሰብ፣ ሳየር። ጣትህ አጭር ከሆነ የአይባኔዝ አንገት ቀጭን ነው። ያማሃው በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ተጫውተህ ስትጨርስ የገመዱን ጃክ ካልነቀልከው ባትሪው ያልቃል።

ጥያቄ፦ ባለ አምስት ክር ብገዛስ? (ከሐረር)

መልስ፦ ዘፋኞቻችሁ የዘፈኑን ቁልፍ (ኪይ) ዝቅ የሚያደርጉ ከሆነ ይጠቅማል። ነገር ግን የአምስተኛው ክር ድምፅ ወደ 31 ኸርዝ ይወርዳል፤ አነስተኛ ስፒከር በደንብ አያወጣውም። በዚህ በጀት ጥሩ ባለ አራት ክር ግዛ።

ጥያቄ፦ የድሬ ሙቀት አንገቱን ያጣምመዋል ይባላል። እውነት ነው? (ከከዚራ)

መልስ፦ አቦ፣ ይህን የጠየቅህ ተባረክ! ከሙቀቱ ይልቅ ድርቀቱ ነው። እንጨቱ እርጥበት ሲያጣ ይኮማተራል፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ብረቶች (ፍሬቶች) ግን አይኮማተሩም። ስለዚህ የፍሬቶቹ ጫፍ በአንገቱ ጠርዝ ላይ ወጣ ወጣ ይላል። መዳፍህን ከላይ እስከ ታች በጠርዙ ላይ አሂደው፤ ከቧጨረህ ጫፎቹ በፋይል መለስለስ አለባቸው። በዘጋኸው መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትተኸው ሻይ ልትጠጣ አትሂድ፤ ማጣበቂያው ይላላል። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትጫወቱም አየሩ ስለሚለይ ሳጥኑን ክፈቱና ትንሽ ይረፍ፣ ከዚያ ቃኙት።

ጥያቄ፦ ነገ ከሰው እጅ የምገዛው ቤዝ አለ። ምን ልመልከት? (ከመጋላ)

መልስ፦ መቃኛ ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ ክሩን ክፍት አድርገህ (ፍሬት ሳትጫን) ቃኝ። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ ምታው። ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ልክ ካልመጣ፣ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ክፍል) ላይ ያለውን ብሎን በማዞር ይስተካከላል፤ ይህ አያስፈራ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ፍሬት በየክሩ ምታ፤ የሚንጫጫ ወይም የሚሞት ኖታ ካለ ልብ በል። ድምፅ ማስተካከያዎቹን አዙራቸው፣ የገመዱን መሰኪያም ነቅነቅ አድርገው፤ ቢንጫጫም ርካሽ ጥገና ነው። ዋናው አንገቱ ነው። ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫነውና መሐል ላይ ክሩና ፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እይ። ወረቀት የሚያሳልፍ ትንሽ ክፍተት ጤነኛ ነው። በጣም ከሰፋ ትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን፣ አንገቱን የሚያቀናውን ዘንግ) ሩብ ዙር እያጠበቅህ ታስተካክለዋለህ። ሻጩ ትራስ ሮዱ እንደሚዞር እንዲያሳይህ ጠይቀው። አልዞር ካለ ወይም የማዞሪያው ብሎን ራስ ከተበላ፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ተወው።