ያለ ባጀት ሁለት ዓመት የገዛው ሰውዬ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፍላችሁ። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስናወራ አንድ ጓደኛዬ የኢንዲያና አገረ ገዥ ሞርተን ምክር ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ገዛ አለኝ፣ እኔ ደግሞ በምርጫ በሚተዳደር አገር ይሄማ አይሆንም ብዬ ድርቅ አልኩ። ማናችን ነን ልክ? በኋላስ አልተጠየቀም?

መልስ፦ ጓደኛዎ ወደ እውነቱ ቀርበዋል፣ ኦሊቨር ሞርተን ምክር ቤቱን በአዋጅ አልዘጋም ግን ያለሱ ገዝቷል።

ሲጀመር በ1860 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የተመረጠው ለምክትልነት ነበር፣ ዋናው ሄንሪ ሌን ወዲያው ሴናተር ሆኖ ሲሄድ ወንበሩ ጥር 1861 ለሱ ቀረ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ፈነዳ። በዚያው ሰሞን እኛ ጎጃም ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ለአፄ ቴዎድሮስ አልገዛም ብለው ነበር፣ ሞርተን ግን የሊንከን ቀኝ እጅ ነው፣ ወታደሩ በብርድ ካፖርት ሲያጣ ገዝቶ ይልካል፣ ከሻይሎ ውጊያ በኋላም ለቁስለኞች ሐኪምና መርከብ ልኳል።

ነገሩ የተበላሸው በ1862 ምርጫ ዴሞክራቶቹ ምክር ቤቱን ሲይዙ ነው። በ1863 ሚሊሻውን ከሞርተን እጅ የሚያወጣ ሕግ ሊያጸድቁ ሲሉ የሱ ወገን ሪፐብሊካኖች ጥለው ወጡ፣ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ማዲሰን ከተማ ሄደው ቁጭ፣ በቃ ምልዓተ ጉባኤ የለም፣ ሕጉም ባጀቱም ሳይጸድቅ ቀረ፣ ሞርተንም አስቸኳይ ስብሰባ አልጠራም።

ታዲያ በምን ገዛ? በብድር ነዋ። የጦር ሚኒስትሩ ስታንተን 250,000 ዶላር ሰጠው፣ የስቴቱን ዕዳ ወለድ የኒውዮርኩ ዊንስሎው ላኒየር ባንክ ከፈለለት፣ ከአውራጃና ከግለሰብም ተበደረ። ብሩ ግምጃ ቤት ከገባ ያለ ምክር ቤት ፈቃድ ስለማይወጣ እዚያው ቢሮው ብረት ካዝና ውስጥ አስቀምጦ የፋይናንስ ቢሮ ብሎ ባቋቋመው ክፍል በኩል ነበር የሚያወጣው።

እኔን ከጠየቁኝ ለወታደሩ ያደረገው ያስመሰግነዋል፣ የሕዝብ እንደራሴ ያላየውን ብር ሁለት ዓመት ማዘዙ ግን ጦርነትም ቢሆን ልክ አይደለም፣ ዴሞክራቶቹም ውጊያ መሃል ሚሊሻውን ሊነጥቁት መሞከራቸው ትልቅ ጥፋት ነው።

መጠየቁን በተመለከተ በ1864 ሕዝቡ መልሶ መረጠው፣ በ1865 የተሰበሰበው ምክር ቤትም ብድሩ እንዲከፈል ወሰነ። በዚያው ዓመት ስትሮክ መቶት እግሩ ሽባ ሆነ፣ ሆኖም ከ1867 እስከሞተበት 1877 ድረስ ሴናተር ነበር፣ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ላስከበረው 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያም አጥብቀው ከታገሉት አንዱ ነው።