ከአፕዴት በኋላ የተሰወረ መረጃ፦ ባክአፕ ከመመለስዎ በፊት ዳታቤዙን ይመልከቱ

ጠያቂያችን እንደገለጹልን፣ ዎርድፕረስን (ድረ ገጹ የሚሠራበትን ሶፍትዌር) እና የድረ ገጹን ቲም (መልኩን የሚወስኑትን ፋይሎች) አፕዴት ካደረጉ በኋላ ሌሎቹ ጽሑፎችና ገጾች በቦታቸው ሲገኙ «የአባላት መዝገብ» የተባለው ክፍል ግን ከአድሚን ሜኑው ጭምር ጠፍቷል፤ የቆየውን ባክአፕ አሁኑኑ ልመልስ ወይ ብለውም ጠይቀዋል። የእኔ ምክር ለጊዜው እንዳይመልሱ ነው። ባክአፑ ሲመለስ ከዚያ ወዲህ የገባው ሁሉ ይደመሰሳል፤ መዝገቡ ደግሞ ከምልክቶቹ እንደምረዳው አሁንም ዳታቤዙ (የድረ ገጹ መረጃ የሚቀመጥበት ቋት) ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

ዎርድፕረስ ጽሑፍንም፣ ገጽንም፣ እንደ እርስዎ ያለውን የአባላት መዝገብም የሚያስቀምጠው ደብሊውፒ ፖስትስ (wp_posts) በሚባለው አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲሆን፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው ፖስት ታይፕ (post_type) በሚለው ዓምድ የሰፈረው ስም ነው። ይህን ስም ለዎርድፕረስ የሚያስመዘግበው ኮድ ከጠፋ፣ ረድፎቹ አንድም ሳይነኩ ሜኑው ይሰወራል፤ የየአባሉ ገጽም 404 (ገጹ አልተገኘም) ይላል። ኮዱ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በቲሙ ፈንክሽንስ ፋይል (functions.php) ውስጥ ነው፤ ቲሙ አፕዴት ሲደረግ ግን ፎልደሩ በሙሉ በአዲሱ ስለሚተካ በእጅ የተጨመረው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ባገዝኩት አንድ ማኅበር ላይ የደረሰው ይኸው ነበር፤ ጸሐፊው መዝገቡን ከወረቀት እንደ አዲስ ሊያስገቡ ተዘጋጅተው ሳለ የሁሉም አባላት ረድፍ ሠንጠረዡ ውስጥ ተገኘ።

ስለዚህ በቅድሚያ የአሁኑን ዳታቤዝና ፋይሎች እንዳሉ ኮፒ አድርገው ለብቻ ያስቀምጡ። ከዚያ ዳታቤዙን በሚያሳየው መሣሪያ በፒኤችፒ ማይአድሚን (phpMyAdmin) ገብተው ረድፎቹን በፖስት ታይፕ ከፋፍለው ይቁጠሩ። የማያውቁት ወይም የረሱት ስም ከአባላቱ ብዛት ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ይዞ ካገኙ የጠፋ ነገር የለም። ከባክአፑ የድሮውን ፈንክሽንስ ፋይል ብቻ አውጥተው፣ ፖስት ታይፑን የሚያስመዘግበውን ክፍል ወደ ትንሽ ፕለጊን (ከቲሙ ተለይቶ የሚጫን ተጨማሪ ኮድ) ይገልብጡት፤ ወደ ቲሙ ከመለሱት በሚቀጥለው አፕዴት እንደገና ይጠፋል። ስሙ ሠንጠረዡ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይዛነፍ አንድ መሆን አለበት። ፕለጊኑን ካስነሡ በኋላ በሴቲንግስ ሥር ፐርማሊንክስን (የገጾቹን አድራሻ ማስተካከያ) ከፍተው ምንም ሳይቀይሩ ሴቭ ይበሉ፤ ይህ ካልተደረገ ሜኑው ቢመለስም ገጾቹ 404 ማለታቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ቁጥሩ ባዶ ከሆነ ግን ድረ ገጹ በአሮጌ የዳታቤዝ ቅጂ ላይ እየሠራ እንዳይሆን በደብሊውፒ ኮንፊግ ፋይል (wp-config.php) የተጻፈውን የዳታቤዝ ስም ያረጋግጡ።

በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ በተለይ የምፈራው ሌላ ነገር አለ። መዝገቡ ተመልሶ ስሞቹ በጥያቄ ምልክት ወይም በተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከታዩ፣ ከአድሚን ገጹ ምንም ነገር ሴቭ አያድርጉ፤ የተበላሸው ጽሑፍ በትክክለኛው ላይ ሊጻፍበት ይችላል። ይልቁንም አንድ ስም መርጠው፣ የተቀመጠበትን ባይት በኮድ በሚያሳየው የዳታቤዙ ሄክስ (HEX) ፈንክሽን ይመልከቱት። ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጠው ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) በተባለው ሥርዓት የተለመዱት የግእዝ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ፤ ለምሳሌ «ሀ» ኢ1 88 80 (E1 88 80) ነው። የስሙ ፊደላት ሁሉ በኢ1 የሚጀምሩ ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፤ ስሕተቱ በአብዛኛው ያለው ድረ ገጹ ከዳታቤዙ ጋር በሚገናኝበት የካራክተር ሴት (የፊደል ሥርዓት) ምርጫ ላይ ነው። በሲ3 ኤ1 (C3 A1) የሚጀምር ከሆነ ላቲን1 በተባለው የላቲን ፊደል ሥርዓት እንደተጻፈ ተቆጥሮ ሁለተኛ ጊዜ ተለውጧል፤ ይህም በአብዛኛው ሊታረም ይችላል። 3ኤፍ 3ኤፍ (3F 3F) እያለ የሚሄድ ከሆነ ግን የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ስለሆነ ከዚያ ስሙን ማውጣት አይቻልም። ባክአፑ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው፤ እሱንም በሌላ ባዶ ዳታቤዝ ላይ ከፍተው የተበላሹትን ረድፎች ብቻ ይውሰዱ።

የፖስት ታይፖቹን ስምና ቁጥር እዚሁ ቢጽፉልን ቀጣዩን አብረን እናያለን። ስክሪንሾት የሚልኩ ከሆነ የአባላቱ ስምና ስልክ እንዳይታይ አደራ።