የእናቶችን ኩፖን ለምታጣሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ከደሴም ተመረቃችሁ ከወልድያ፣ የእናቶች ኩፖን (የወላድ እናትን ወጪ የሚሸፍን ወረቀት) ሰነድ አጣሩ ተብላችሁ ወረዳ ስትወርዱ የሚሰጣችሁ ቅጽ ቢሮ ተቀምጦ የተሠራ ነው። የሚጠይቃችሁ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው። ወሎ ላይ ግን አብዛኛው ሥራ ያለው በሁለቱ መካከል ነውና ይህን ጻፍኩላችሁ።

በቅድሚያ ኩፖኑ ለምን እንደሚከፍል ለዩ። ኬንያ በ2006 እ.ኤ.አ. ስትጀምረው እናትየዋ ኩፖኑን በትንሽ ዋጋ ትገዛለች፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ለሕክምናው ለጤና ተቋሙ ይከፍል ነበር። እንዲህ ባለው አሠራር ውሸት የሚገባው በሕክምናው ዓይነት ነው፤ ቀላሉን ወሊድ ቀዶ ጥገና ብሎ መጻፍ። በእኛ አገር በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ ነፃ ስለሆነ ኩፖን ቢታደል የሚሸፍነው ባጃጁን፣ የእናቶች ማቆያውን ምግብ፣ ሪፈር ስትባል መንገዱን ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ዓይናችሁ ጉዞው ላይ ይሁን።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ አስቀድሞ የተዘጋጀላችሁን ፎልደር አመስግናችሁ ወደ ጎን አድርጉት። የምትፈልጉት አምስት ወረቀት ነው፦ የኩፖኑ ጉርድ፣ የክፍያ መጠየቂያው፣ የወሊድ መዝገቡ፣ የእናትየዋ ካርድ ከነፓርቶግራፉ (የምጡ ሂደት በየሰዓቱ ከሚሞላበት ቅጽ ጋር)፣ የአምቡላንሱ ወይም የባጃጁ መመዝገቢያ። ካርዱን ከካርድ ክፍሉ መደርደሪያ ራሳችሁ አውጡ።

ከጉርዱ ጀምሩ። ከ301 እስከ 350 ያለው ጥራዝ ለአንድ ቀበሌ ተሰጥቶ 340 በጥቅምት፣ 305 ደግሞ በጥር ተመላሽ ቢሆን ምንም ችግር የለውም፤ ሴቶች በተራ ቁጥር አይወልዱም። 301፣ 302፣ 303 እያለ ሰልፉን ጠብቆ ከተመለሰ ግን ጥራዙ እናቶች እጅ አልገባም፣ የሆነ ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው የከረመው። ከመሐይም እናቶች የተወሰደውን አሻራም እንዲሁ እዩት፦ አሥር አሻራ በአንድ አቅጣጫ አዘንብሎ በአንድ ዓይነት ቀለም ከተደረደረ አጉሊ መነጽር አውጡ።

ናሙናችሁን በሁለት አቅጣጫ ውሰዱ። ከክፍያ መጠየቂያው 52 ስም አውጥታችሁ በወሊድ መዝገቡ ስትፈልጉ 47 ብታገኙ 47 ለ52 ሲካፈል 0.90 ነው፤ በመረጃ ጥራት ፍተሻ ከ0.90 እስከ 1.10 ያለው ተቀባይነት አለው ይባላል። ይህን ሁሉም ይሠራል። የሚዘለለው ተቃራኒው ነው፤ ከወሊድ መዝገቡ 30 እናት አውጥታችሁ በክፍያው ዝርዝር ፈልጉ። ወልዳ፣ መብቷ ሆኖ ሳለ ያልተከፈለላት የምትገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ሩቅ ቀበሌ ያለች ናት፣ ወይም በወሳንሳ ተሸክመው ያመጧት፣ የኩፖን ደረሰኝ የሚሰጣት ባለ ባጃጅ ያላገኘች።

ቀን ላይ ቆዩ። በእኛ አቆጣጠር ወር 30 ቀን ነው፤ በቀን ዓምድ ላይ 31 ካያችሁ የፈረንጅ ቀን ሾልኮ ገብቷል፣ ያም ከሆነ ከጎኑ ያሉትንም ተጠራጠሩ። ጳጉሜ 6 የምትኖረው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ በ2015 ነበረች፣ በ2016 አልነበረችም። «ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ወለደች» የሚል መስመር የሚወለደው ቁጥር ከሚሞላ ሰው እጅ ነው፣ ወይም ከፈረንጅ ቀን ሲቀየር ከተፈጠረ ስሕተት። ሁለቱን የሚለየው ፓርቶግራፉ ነው።

ሌሊት የሚወለዱትን ግን በዚህ ሚዛን አትመዝኑ። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተወለደን ልጅ አዋላጇ ገና አልነጋም ብላ ማክሰኞ ትለዋለች፤ ሾፌሩ ስልኩን አይቶ ረቡዕ ይጽፋል። ሁለቱም እውነት ጽፈዋል። ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ባለው የአንድ ቀን ልዩነት ስሕተት ተብሎ አይቆጠርም።

የእርግዝናውን ርዝመት በጣታችሁ ማስላት ልመዱ። 280 ቀን በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ነው። የመጨረሻ የወር አበባዋ መስከረም 1 ከሆነ ቀኗ ሰኔ 11 ነው። መካከሉ ላይ ጳጉሜ ከገባች አምስቱን ቀንሱ፤ ታኅሣሥ 1 ያለች መስከረም 6 ትወልዳለች፣ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት መስከረም 5። ቀኗን በትክክል የማታውቅ ብዙ ናትና ሂሳቡ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢዛነፍ ለቀቅ አድርጉት። አንድ የካርድ ቁጥር በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ወልዶ ካገኛችሁ ግን አትለፉት። መንታ ደግሞ በመዝገብ ሁለት መስመር፣ በኩፖን አንድ ክፍያ ነው።

የልጆቹ ክብደት ሁሉ 3000 ግራም ቢሆን ቶሎ አትፍረዱ። ሚዛኑን አሳዩኝ በሉ። ሚዛኑ ተዘርፎ ወይም ተሰብሮ በዓይን ግምት ሲጽፉ የከረሙ ከሆነ ጉዳዩ የዕቃ ጥያቄ እንጂ የክፍያ ጥያቄ አይደለም።

ስም የወሎ ትልቁ ራስ ምታት ነው። ሐዋ፣ ሀዋ፣ ሃዋ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሴቶች ናቸው። ከማመሳከራችሁ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሱ፤ መሐመድና ሙሐመድንም አስማሙ። ቀጥሎ ተቃራኒው ይመጣል፦ በአንድ ጤና ጣቢያ በአንድ ዓመት ፋጡማ ሰይድ የሚባሉ ስድስት ሴቶች መውለዳቸው ወሎ ላይ የተለመደ ነው። የአያት ስም፣ ጎጥና የካርድ ቁጥር ሳትጨምሩ «ድግግሞሽ» ብላችሁ ብትሰርዙ አምስቱን ሴቶች ከለከላችሁ። ቤት ሄዳችሁም ስትጠይቁ አማቷ ያወጣችላት ሌላ ስም ሊኖራት ይችላል፤ «እዚህ ማን ብለው ይጠሯታል?» ማለት አይከፋም።

አሁን ወደ ጦርነቱ ልምጣ። ሰሜን ወሎ ከ2013 ክረምት ጀምሮ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ካርድና መዝገብም አብሮ ጠፍቷል። የጠፋ መዝገብና የተፈበረከ መዝገብ አንድ አይደሉም። ከትውስታና ከሌላ ሰነድ ተለቅሞ እንደገና የተጻፈ መዝገብ፣ ማን፣ መቼ፣ ከምን እንደጻፈው ሽፋኑ ላይ ካለ ተቀበሉት። የምትፈሩት እንደ ጥንቱ ነኝ የሚለውን ነው፦ ከዳር እስከ ዳር በአንድ እስክሪብቶ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው፣ የደም ጠብታም የእጅ እድፍም ያላረፈበት። የማዋለጃ ክፍል መዝገብ እንዲያ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ቅጹንም እዩ፤ ዓምዶቹ በኋላ የታተመው ቅጽ ዓምዶች ሆነው በውስጡ ያለው ቀን ከኅትመቱ በፊት ከሆነ ነገሩ አልቋል።

መዝገብ ለጠፋባት እናት ሁለት የማይገናኙ ምንጮች ፈልጉ። የልጁ የክትባት ካርድና የጤና ጣቢያው የክትባት መዝገብ አንድ ምንጭ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ተቀድቷል። የክትባት ካርዱና በጤና ኤክስቴንሽኗ እጅ ያለው የቤተሰብ ፎልደር ግን ሁለት ናቸው። ኦርቶዶክስ ከሆነች ልጁ ክርስትና የተነሣበትን ቀን ጠይቁ፤ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሙስሊም ከሆነች አቂቃው በሰባተኛው ቀን ወጥቶ እንደሆነ ጠይቁ፣ ከረመዳን በፊት ነው በኋላ በሉ። ተፈናቅላ የመጣችዋ የምትነግራችሁ ቀበሌ የጥንቱን ነው፣ ኩፖኑ ላይ ያለው ደግሞ ያረፈችበት፤ ይህ አለመመሳሰል ጥፋት አይደለም።

ቤት ለቤት ስትሄዱ የገበያውን ቀን አስሉ፤ ሰኞ ባቲ ዙሪያ ሄዳችሁ «እናትየዋ የለችም» ብላችሁ ብትጽፉ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ባልና ጎረቤት ባለበት ስለ ገንዘብ አትጠይቁ። ከሁሉ በላይ «ልጁ የታለ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሞቶ የተወለደባትም ኩፖኗ ይከፈላል። «እንዴት ሄድሽ? በምን ተመለስሽ? ከኪስሽ የወጣ ነበር?» በቂ ነው። መዝገብ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ብዙ ጊዜ የባሏ ወይም የሱቅ ባለቤቱ ነውና ሌላ ሰው አነሣ ብላችሁ ሐሰት አትበሉ፤ ያነሣው ሰውም ለምን እንደደወላችሁ ማወቅ የለበትም።

ውጤታችሁን በሦስት ክፈሉት፦ ተረጋግጧል፣ አልተረጋገጠም፣ ሐሰት። መካከለኛውን ከሦስተኛው ጋር የሚደርብ ኃላፊ ይኖራል፤ እንቢ በሉ። የተረጋገጠው በዚያው ሳምንት ወደ ክፍያ ይሂድ፣ የሚቆየው አጠራጣሪው ብቻ ይሁን። 5 መስመር ይጣራ ተብሎ የ47ቱ ክፍያ ከታገደ ባለ ባጃጁ በሚቀጥለው ሌሊት ስልኩን አያነሣም። ከመውጣታችሁ በፊት ቃለ ጉባኤውን ከአዋላጇና ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር አንብባችሁ አስፈርሙ፣ አንድ ቅጂም እዚያው ተዉ፤ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የሚመጣው አጣሪ ያንኑ ጥያቄ ከዜሮ እንዳይጀምር።