ውሃ ለምን ጎበጠ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ውሃም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሦስት ሦስት አቶም ነው ያላቸው። ፈተና ላይ ሁለቱንም ቀጥ አድርጌ ሳልኳቸው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ትክክል ተባለ፣ ውሃው ግን ተሰረዘብኝ። ምክንያት አለው ወይስ ዝም ብሎ የሚሸመደድ ነው?
ግራ የገባት ተማሪ

መልስ፦ ኧረ አይሸመደድም ልጄ! ሽምደዳ ከጀመርሽ ነገ አሞኒያ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ይመጣል፤ አትዘልቂውም። ወረቀትሽን ባላየውም ሥዕሉ ይታየኛል፤ ኦክስጅን መሃል፣ ሃይድሮጅኖቹ ግራና ቀኝ፣ በመካከላቸው ሁለት ሰረዝ። ሰረዞቹ ልክ ናቸው። የጎደሉት ያልተጋሩትን ኤሌክትሮኖች የሚያሳዩት ነጥቦች ናቸው።

ኮቫለንት ቦንድ የምንለው ሁለት አቶሞች በጋራ የያዙትን ጥንድ ኤሌክትሮን ነው፤ አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1916 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ኦክስጅን በውጨኛው ሼሉ፣ ማለትም በውጨኛው የኤሌክትሮን ንብርብሩ፣ 6 ኤሌክትሮኖች አሉት። ሁለቱን ከሃይድሮጅኖቹ ጋር ለመጋራት ሲያውላቸው 4 ይተርፉታል፤ ማንም ያልተጋራቸው ሁለት ጥንዶች ማለት ነው። ሥዕሉ ላይ ስላልታዩ የሉም ማለት አይደለም። ቦታ ይይዛሉ፣ ይገፋሉም።

እኔ ይህን ሳስተምር ፊኛ ይዤ ነው ክፍል የምገባው፤ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ስለሆነ ያሳስታል። አንቺም አራት ፊኛ እኩል ንፊና አፋቸውን አንድ ላይ እሰሪ። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው በሦስቱ ይቆማል፣ አራተኛው ወደ ላይ ይቀሰራል። በእጅሽ ተጭነሽ እንደ መስቀል ብትዘረጊውም፣ ስትለቂው ተመልሶ ይነሳል። ጥንድ ኤሌክትሮኖችም እርስ በርስ ስለሚገፋፉ የሚችሉትን ያህል ይራራቃሉ፤ ለአራት ጥንድ ትልቁ ርቀት ይኸው ነው፣ በሁለት ጥንዶች መካከል 109.5 ዲግሪ ማዕዘን። ሚቴን (መሃሉ ካርቦን ነው) አራቱም ላይ ሃይድሮጅን ስላለው ልክ እንዲህ ነው።

አሁን ከፊኛዎቹ ሁለቱን ያልተጋሩት ጥንዶች ናቸው በያቸው። በቀሩት ሁለት ጫፍ ላይ ሃይድሮጅን አድርጊ። ጎበጠልሽ አይደል? ያልተጋራ ጥንድን የሚስበው አንድ ኒውክለስ (የአቶም እምብርት) ብቻ ስለሆነ ሰፋ ብሎ ይንሰራፋል፤ ሃይድሮጅኖቹንም ወደ አንድ ወገን ያጠጋጋቸዋል። የውሃ ማዕዘን ወደ 104.5 የወረደው ለዚህ ነው። መሃሉ ናይትሮጅን የሆነውና ከሦስት ሃይድሮጅን ሌላ አንድ ያልተጋራ ጥንድ ብቻ ያለው አሞኒያ 107 አካባቢ ይቆማል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዘንድ ስንመጣ፣ ካርቦን ያለው 4 ኤሌክትሮን ሁሉ ለመጋራት ውሏል፤ ለእያንዳንዱ ኦክስጅን ሁለት ሁለት። የሚተርፈው የለም። እንዲህ ያለው ድርብ ቦንድ (ሁለት የተጋሩ ጥንዶች) ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያመለክት እንደ አንድ ፊኛ ቁጠሪው፤ ሁለት ፊኛ ደግሞ ፊትና ጀርባ ተሰጣጥቶ 180 ዲግሪ ይሆናል። "ኦክስጅኖቹስ ያልተጋራ ጥንድ የላቸውም ወይ?" ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አላቸው፤ ግን ዳር ላይ ናቸው። ቅርፁን የሚወስነው በመሃለኛው አቶም ዙሪያ ያለው ነው።

የተሰረዘብሽ ነገር ትንሽ አይደለም። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን ከሃይድሮጅን አብልጦ ይስባል። ውሃ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ወገን ጉተታ ይጣፋ ነበር፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሆነው ይህ ነው። በመጉበጡ ግን አንዱ ወገን አሉታዊ፣ ሌላው አዎንታዊ ይሆናል፤ ጨው ውሃ ውስጥ የሚሟሟውም በዚህ የተነሳ ነው።

አሁን ተራው ያንቺ ነው፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድን ሳዪልኝ። ሰልፈር መሃል ነው፣ በውጨኛው ሼሉም 6 ኤሌክትሮን አለው። ሰረዝ ከመሳልሽ በፊት የሚተርፈውን ቁጠሪ።