ሶሻል ወርከሯ የምትመጣ ቀን እናትሽ ቡና እንዳያፈሉ

እህቴ፣ "ካሊፎርኒያ ነን፣ ለእናቴ አይኤችኤስኤስ አመልክተን በሚቀጥለው ሳምንት ሶሻል ወርከር ቤት ልትመጣ ነው፣ ምን ላዘጋጅ? ሰዓት አይሰጡም ይባላል" ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። አይኤችኤስኤስ አቅመ ደካሞች ቤታቸው ሆነው እንዲረዱ ለተንከባካቢው በሰዓት የሚከፈልበት የካሊፎርኒያ ፕሮግራም ነው፤ "ሰዓት" የሚባለውም ይኸው የሚከፈልበት ሰዓት ነው። እኔ ለእናቴ ሁለት ጊዜ አልፌበታለሁ። የመጀመሪያው በራሳችን እጅ ተበላሽቶብናልና ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ያን ቀን እንግዳ ይመጣል ስላልኳት እናቴ ከማለዳው ጀምሮ አላስቀምጥ አለችኝ። ክንዷን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት ስለማትችል ሐበሻ ቀሚሷን ያለበስኳት እኔ ነኝ፤ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብናል። ሶሻል ወርከሯ ግን ያየችው አምራ የተቀመጠች ሴት ነው። "እንዴት ነዎት?" ስትላት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለብኝ" አለች። ቀጥላ ግድግዳውን እየተደገፈች ተነሳችና ጀበናውን ጣደች። እንግዳ ደረቁን አይሸኝም ብላ! ሽንት ቤት ብቻዋን ትሄድ እንደሆነ ሲጠየቅ ደግሞ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩና አፈርኩ። "አንዳንድ ጊዜ እረዳታለሁ" አልኩ፣ በየሌሊቱ እየተነሳሁ አንሶላ የምቀይረው ሰው።

የውሳኔው ደብዳቤ ሲመጣ ለምግብ ማብሰል ምንም፣ ለገላ መታጠብ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ። በጣም አለቀስኩ። ሶሻል ወርከሯን ግን አልወቅሳትም፤ የጻፈችው ያየችውንና የነገርናትን ነው። ገበናን መሸፈን ያደግንበት ነው፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን የተሸፈነ ገበና "ችግር የለም" ተብሎ ይመዘገባል።

አሠራሩን ልንገርሽ። ለአብዛኛው ሥራ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣሉ። 1 ብቻቸውን ይችላሉ ማለት ነው፤ 2 ማስታወስ ወይም ማበረታታት ብቻ ይበቃቸዋል፤ 3 ላይ የሰው እጅ ይጀምራል፤ 5 ያለ ሰው ጨርሶ አይሆንላቸውም። ከዚያ በየሥራው ደቂቃ ይቆጠራል፤ በወር የሚፈቀደው ከፍተኛው 283 ሰዓት ነው። ስለዚህ "ትረዳኛለች" የሚል መልስ ምንም አይነግራቸውም። "ገንዳው ውስጥ የማስገባት እኔ፣ ጀርባዋንና እግሯን የማጥብ እኔ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ በየጊዜው 25 ደቂቃ" በይ። ጥያቄውም ያደርጉታል ወይ ብቻ አይደለም፤ ሳይወድቁ፣ ሳይቃጠሉ ያደርጉታል ወይ ነው። ጀበና መጣድ መቻልና ምሳ አብስሎ መብላት መቻል አንድ አይደሉም።

ከዛሬ ጀምረሽ ደብተር ያዢ። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሳሽ፣ መድኃኒት መቼ እንደረሱ፣ የት እንደተንገዳገዱ ጻፊ። ደህና የዋሉበትን ቀንም ያልተኙበትንም ጻፊ፤ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ። ለሁለተኛው ግምገማ ይህን ደብተር ነው ዘርግቼ ያሳየሁት።

አስተርጓሚ ደግሞ አንቺ አትሁኚ። ካውንቲው (ፕሮግራሙን የሚያካሂደው የአካባቢው አስተዳደር) አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀድመሽ ደውለሽ አማርኛ ብለሽ አስመዝግቢ። እናቴ በልጇ አፍ ሊነገር የከበዳትን ለማታውቃት ሴት በስልክ ተናገረችው። እኔም ነፃ ሆኜ እንደ ልጅ የማየውን ተናገርኩ።

"አሁን ማን ያበስልላቸዋል?" ሲሉሽ "እኔ፣ ምንም ችግር የለም" ብለሽ እንዳታልፊ። በፈቃደኝነት በነፃ የሚሠራ ሰው ካለ ያ ሥራ ከሰዓቱ ሊቀነስ ይችላል። እውነቱን ተናገሪ፦ የምሠራው ሌላ ሰው ስለሌለ ነው፣ ሥራዬን እያጎደልኩ ነው፣ ያለ ክፍያ ልቀጥል አልችልም። ልጅ የእናቱ ተንከባካቢ ሆኖ መከፈሉ ሕጋዊ ነው። የጣት አሻራውንና ምዝገባውን ጎን ለጎን ጀምሪ። አብረሽ የምትኖሪ ከሆነ ደሞዙን ከፌዴራል ገቢ ግብር ነፃ የሚያደርግ ፎርም አለ፤ ኤስኦሲ 2298 ይባላል።

እርዳታው እንደሚያስፈልጋቸው ሐኪም የሚያረጋግጥበት ፎርም ኤስኦሲ 873 ነው፤ ለመመለስ 45 ቀን አለሽ። ክሊኒክ ጥለሽው አትምጪ፤ በየሳምንቱ ደውዪ።

ውሳኔው ካላረካሽ ደብዳቤው ከወጣ በ90 ቀን ውስጥ ስቴት ሂሪንግ (በስቴቱ ዳኛ ፊት የሚታይ ይግባኝ) መጠየቅ ይቻላል፤ መጠየቂያው ከደብዳቤው ጀርባ ነው። እኔ ስጠይቅ ገና ችሎቱ ሳይደርስ ከካውንቲው ደውለው እንደገና እንገምግም አሉኝ። ሰዓቷ የተስተካከለው በዚያ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህን ሁሉ ከስህተቴ መማሬ ነው። ምን እንደሚጠየቅ የሚዘረዝር አንድ ገጽ በአማርኛ ከጉብኝቱ በፊት ቢላክልን ኖሮ እናቴ እነዚያን ወራት ባልተጎዳች። በብዙ ካውንቲዎች የአይኤችኤስኤስ አማካሪ ኮሚቴ አለ፤ በሕጉ ቢያንስ ግማሹ አባላት አገልግሎቱን የሚያገኙ ወይም ያገኙ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ጊዜ ሄጄ ይህንኑ ተናግሬያለሁ፤ መዝግበውታል፣ እስካሁን ግን ገጹ አልወጣም። አንድ ሰው ሲናገር የአንድ ቤት ችግር ይመስላቸዋል። የእናትሽ ጉዳይ ሲያልቅ አብረን እንሂድ፤ ሌሎቻችሁም እናታችሁን አባታችሁን የምትጦሩ፣ እዚሁ ካውንቲ ያላችሁ ስማችሁን ከታች ጻፉልኝ።

ለአሁኑ ግን የቀጠሮውን ቀን ንገሪኝ፤ ደብተሬን ያሰመርኩበትን ሠንጠረዥ ፎቶ አንስቼ ዛሬ ማታ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።